የቀለሁ አፍ፦ ከጉራዕ ምርኮ እስከ ረሆቮት ምድር ቤት

ኢየሩሳሌም ውስጥ በኢትዮጵያ ጎዳና የሚገኘው ክቡ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ያለቀው በ1893 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥራውን ያስጀመሩት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሲሆኑ፣ ለግንባታው ከላኩት ወርቅ ከፊሉ ከግብፅ ጦር የተማረከ እንደነበር ይነገራል። የጥይትን ታሪክ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መጀመር ድፍረት ሊመስል ይችላል። ቢሆንም ያ ምርኮ ወርቅ ብቻ አልነበረም። ብዙ ሺህ ጠብመንጃ፣ ከዚያም የሚበልጥ ባለ ቀለህ ጥይት አብሮት መጥቷል።

የግብፁ ገዥ የከዲቭ እስማኤል ጦር በኅዳር 1875 ጉንደት ላይ፣ በመጋቢት 1876 ደግሞ ጉራዕ ላይ ተመታ። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ሥራ ፈትተው ካይሮ የተቀጠሩ መኮንኖች ሳይቀሩ አብረውት ነበሩ። የግብፅ ወታደር የያዘው ሬሚንግተን ከኋላ የሚጎርስ ጠብመንጃ ነው። ከኢትዮጵያ ወገን አብዛኛው ተኳሽ ግን ባሩዱን ለብቻ፣ አረሩን ለብቻ ይዞ በአፈሙዝ በኩል እየጠቀጠቀ የሚተኩስ ነበር። ከምርኮው በኋላ ባሩዱም፣ አረሩም፣ እሳት የሚጭረው ካፕሱልም በአንድ ናስ ቀለህ ውስጥ ታሽገው በወታደሩ ዝናር ላይ ተሰደሩ።

ባለ ቀለህ ጥይት ብዙ ችግር ፈታ፤ አንድ አዲስ ጥያቄ ግን ይዞ መጣ። አረሩ በቀለሁ አፍ ላይ ተሰክቶ ነው የሚቆየው። ቢላላ ይወልቃል ወይም ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ከልክ በላይ ቢጠብቅ ቀለሁ ያብጥና ወደ ማጉረሻው አልገባም ይላል። እንግዲህ አፉ በምን ያህል ኃይል፣ በምንስ መልክ ይጥበቅ? ይህ ጥያቄ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ቀለህ የሚሞላን ሰው ሁሉ፣ በፋብሪካም ይሁን በጓዳ፣ ሲያነጋግር ኖሯል።

በአንድ ጥይት ጎራሽ ጠብመንጃ መልሱ ቀላል ነው። አንዱ ሲተኮስ ሌላው ጥይት ዝናሩ ላይ ስለሆነ የተኩሱ ምት አይነካውም። በሪቮልቨር ሽጉጥ ግን አንዱ ጥይት ሲተኮስ የቀሩት አምስቱ እዚያው በተሽከርካሪው ከበሮ ውስጥ ናቸው። ሽጉጡ በእጅ ላይ ወደ ኋላ ሲመታ ቀለሆቹ አብረውት ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ከባዱ የእርሳስ አረር ግን ባለበት ልቁም ይላል። አፉ ካልጠበቀ አረሩ በየምቱ ትንሽ ትንሽ እየወጣ ከከበሮው ፊት ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ከበሮው መዞር ያቅተዋል፤ ሽጉጡም በጭንቁ ሰዓት ብረት ሆኖ ይቀራል።

በ1873 ኮልት ለአሜሪካ ጦር ያቀረበው ባለ .45 ሪቮልቨር የሚተኩሰው በጥቁር ባሩድ ነበር። ጥቁር ባሩድ ቀለሁን እስከ አረሩ ግርጌ ስለሚሞላው አረሩ ወደ ውስጥ መስመጫ ቦታ የለውም። የቀረው ሥጋት ወደ ፊት መውጣቱ ነው፤ ለእሱም የቀለሁ ጠርዝ እንደ ቀሚስ ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ አረሩን ይነክሰዋል። ይህን ቅልበሳ ልበለው። በ1884 ጆን ባርሎ ኒው ሄቨን ከተማ ውስጥ አይዲያል የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ በእጅ የሚጨመቅ፣ ጉጠት የሚመስል የጥይት መሙያ መሸጥ ጀመረ። ከከተማ ርቆ የሚኖር አዳኝና ከብት ጠባቂ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ የተኮሰውን ቀለህ እንደገና ይሞላበት ጀመር።

በዚያው 1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪየይ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ። ባሩዱ ኃይለኛ ስለሆነ ጥቂቱ ይበቃል፤ ስለዚህ በሪቮልቨሩ ረጅም ቀለህ ውስጥ ባዶ ቦታ ተፈጠረ። አሁን አረሩ ወደ ውስጥም ሊሰምጥ ነው። ሰምጦ ከተተኮሰ ደግሞ ግፊቱ ከታሰበው በላይ ይወጣል። ፋብሪካዎቹ ከአረሩ ግርጌ ሥር በቀለሁ ወገብ ላይ ዙሪያውን ስርጉድ መስመር እያወጡ አገዱት፤ የአፉም አጠባበቅ ጠበቅ አለ። እንግዲህ ከዚያ በፊት አረሩን ከሥር ደግፎ የያዘው ባሩዱ ራሱ ኖሯል።

እኛ ዘንድ በዚያ ዘመን ወጀግራው ነግሦ ነበር። ይህ የፈረንሳዮች ባለ 11 ሚሊ ሜትር የግራ ጠብመንጃ በጅቡቲና በታጁራ በኩል እየገባ በምኒልክ ሠራዊት እጅ አድዋ ደረሰ። ጥይቱ ከመተኮሻነት አልፎ ከማርትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን በገበያ መገበያያ ሆነ። ባዶው ቀለህም ቢሆን አይጣልም፤ ተለቅሞ፣ አገር ውስጥ በሚቀመም ባሩድና በቀለጠ እርሳስ እንደገና ይሞላል። ባሩዱ ከሰል፣ ድኝና ጨው ባሩድ ነው፤ ሦስቱም ባገር ይገኛሉ። ወጀግራ አንድ ጥይት ጎራሽ መሆኑ ለዚህ ሥራ በጀ። አረሩ እስኪተኮስ ድረስ ባይወድቅ ይበቃል እንጂ እንደ ሪቮልቨሩ የጎረቤቱን ምት መቋቋም አይጠበቅበትም። የባላገሩ የእጅ ሙሌት ያን ያህል የሠራው፣ በእኔ ግምት፣ ጠብመንጃው ይቅር ባይ ስለነበር ጭምር ነው።

በ1895 ሩሲያ የታጠቀችው የናጋን ሪቮልቨር ነገሩን ሁሉ ገለበጠው። አረሩ ሙሉ በሙሉ ቀለሁ ውስጥ ተቀብሮ የቀለሁ አፍ ከፊቱ ይጠብባል። ለመተኮስ ሲወጠር ከበሮው ወደ ፊት ተገፍቶ ያ የጠበበ አፍ በርሜሉ ውስጥ ይገባና ጋዝ እንዳይሾልክ ይዘጋል። ብልሃቱ ያስደንቃል፤ በቤት ለሚሞላ ሰው ግን ራስ ምታት ነው። ሌላው ዓለምም አልተከተለውም።

ከዚያ 1902 መጣ። ጀርመን አገር ጌኦርግ ሉገር ባለ 9 ሚሊ ሜትሩን የፓራቤለም ጥይት አወጣ፤ የጀርመን ባሕር ኃይል በ1904፣ ምድር ጦሩም በ1908 ተቀበሉት። ለዚህ ታሪክ ዋናው መታጠፊያ እዚህ ላይ ነው።

የሪቮልቨር ቀለህ ከታች ወጣ ያለ ክፈፍ አለው። ክፈፉ ከበሮው ጀርባ ላይ ተደግፎ ጥይቱን በልኩ ያቆመዋል፤ ስለዚህ አፉ እንደፈለገ ቢታጠፍ ግድ የለም። የሉገር ቀለህ ግን ከካዝና ወደ ላይ እንዲንሸራተት ተብሎ ክፈፉ ተነሥቶለታል። ታዲያ በርሜሉ ውስጥ ልኩን ጠብቆ የሚያቆመው ምንድን ነው? የቀለሁ አፍ ራሱ ነው። ጠርዙ ቀጥ ብሎ የማጉረሻውን እርከን ይነካና እዚያ ይቆማል። ጠርዙን ወደ ውስጥ ቀልብሰህ ካጠፍከው የሚያቆመው የለም፤ ጥይቱ ከልኩ አልፎ ይገባል፣ መርፌውም ካፕሱሉን አጥብቆ አይመታም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ጥይት የተፈቀደው የቀለሁን አፍ ሳያጥፉ ዙሪያውን በትንሹ ማጥበብ ብቻ ነው። አረሩን የሚይዘውም በአብዛኛው የቀለሁ ግድግዳ ጭምቀት ነው፤ ማጥበቡ ለአረሩ መግቢያ ተብሎ የተከፈተውን አፍ መልሶ ቀጥ ያደርገዋል እንጂ ብዙም አይጨምርለትም።

ሁለቱ መንገዶች አንድ ጊዜ ተጋጭተዋል። በ1917 አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ሽጉጥ አነሳትና ኮልትም ስሚዝ ኤንድ ዌሰንም ክፈፍ አልባውን የ.45 አውቶማቲክ ጥይት የሚተኩስ ሪቮልቨር እንዲሠሩ ታዘዙ። ጥይቶቹ ሦስት ሦስት ሆነው በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ቆርቆሮ ላይ ተሰክተው ይገባሉ። በ1920 ደግሞ ፒተርስ የተባለው ፋብሪካ ለዚያው ሪቮልቨር ወፍራም ክፈፍ ያለው ቀለህ አወጣ፤ ክፈፉ ሲመለስ ቅልበሳውም ተመለሰ። በ1935 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የ.357 ማግነምን ሲያወጣ የሽጉጡ ምት ስለበረታ ቅልበሳ የግድ ሆነ። በአይዳሆ የኖረው ኤልመር ኪት ከዚያ ቀደም ብሎ ለሪቮልቨር በነደፋቸው የእርሳስ አረሮች ላይ የቀለሁ ጠርዝ የሚያርፍበት ጥልቅ ጎድጓዳ ቀለበት አስገብቶ ነበር። ዛሬም በእጅ የሚሞሉ ሰዎች ስሙን የሚያነሱት ለዚህ ነው።

በዚያው 1935 ኢትዮጵያ ጥይት መግዣ አጥታ ነበር። ኢጣሊያ ለወረራ ስትዘጋጅ ኃያላኑ መንግሥታት የጦር መሣሪያ ሽያጭ ዘጉብን። ማዕቀቡ በወጉ በሁለቱም ላይ ነው፤ የራሷ ፋብሪካ ያላት ኢጣሊያ ግን ምን ጎደለባት! በግንቦት 1936 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሐይፋ ወርደው ኢየሩሳሌም ገቡ። አገር ቤት የቀረው አርበኛ አንድ ጥይት ከማውጣቱ በፊት ሁለቴ የሚያስብ፣ ቀለሁን የሚለቅም፣ ዋናውን ስንቁን ከጠላት የሚማርክ ሆነ።

በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር የነበረችው ፍልስጤምም በዚያው ሰሞን እየነደደች ነበር። የአረቦች ዐመፅ በሚያዝያ 1936 ተጀመረ፤ ከ1937 ጀምሮም የእንግሊዝ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ያለ ፈቃድ መሣሪያ የያዘን ሰው እስከ ሞት መቅጣት ጀመረ። በኢየሩሳሌም ጎዳና የሚዘዋወረው የእንግሊዝ ፖሊስ ወገቡ ላይ ሪቮልቨር አንጠልጥሏል። በ1938 ኦርድ ዊንጌት የተባለ የእንግሊዝ መኮንን በኢይዝራኤል ሸለቆ ዔን ሐሮድ ላይ አይሁድ ወጣቶችን የሌሊት ውጊያ አሠለጠነ። ይኸው ሰው በ1941 የጌዴዎንን ጦር እየመራ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል አዲስ አበባ ገብቷል፤ ከፍልስጤም ያመጣው አይሁዳዊ ጸሐፊው አብርሃም አካቪያም አልተለየውም።

ዊንጌት ያሠለጠናቸው ልጆች ድርጅት፣ ሃጋና፣ ከ1933 ጀምሮ ታዓስ የሚባል ስውር የጦር መሣሪያ ክፍል ነበረው። በኋላ ስቴን የተባለውን ርካሽ መትረየስ በስውር መገጣጠም ሲጀምሩ ጠብመንጃው ተገኘ፤ ጥይቱ ግን ከየት ይምጣ? ስቴን የሚበላው የሉገርን ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። የታዓስ ኃላፊ ዮሴፍ አቪዳር ግን አስቀድሞ በ1938 ከፖላንድ 12 የጥይት መሥሪያ ማሽኖች አስገዝቶ ነበር። ማሽኖቹ ቤይሩት ወደብ ደርሰው ሳለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳና ለአራት ዓመት ገደማ እዚያው ተቀመጡ። በመጨረሻ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ባሉ አይሁድ ወታደሮች ረዳትነት ወደ ፍልስጤም ገቡ።

በ1945 ረሆቮት አጠገብ አንድ ኮረብታ ተመረጠ። የባቡር ጣቢያና የእንግሊዝ ጦር ቅርብ ናቸው፤ እዚህ ይሠራሉ ብሎ ማን ይጠረጥራል? በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ስምንት ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ የቴኒስ ሜዳ የሚያህል አዳራሽ ተሠርቶ ተደፈነ። ከላዩ የልብስ ማጠቢያ ቤትና ዳቦ ቤት ቆመ። ሠራተኛው የሚወርደው በትልቁ ማጠቢያ ማሽን ሥር ነው። ማሽኖቹ የሚገቡበትና የሚወጡበት ሌላው ቀዳዳ የተከደነው 10 ቶን በሚመዝን የዳቦ ምድጃ ነበር። ስሙንም አያሎን ኢንስቲትዩት አሉት።

ሥራው የተሰጠው አዲስ ቂቡጽ (የጋራ መንደር) ለመመሥረት በዝግጅት ላይ ለነበሩ 45 ያህል ወጣቶች ነው። ባሕር ዳር ዓሣ እያጠመዱ ሊኖሩ አስበው ሳለ ምድር ቤት ገቡ። ፀሐይ ስለማያዩ ፊታቸው ነጣ፤ የገረጣ ገበሬ ደግሞ ያስጠረጥራል፤ ስለዚህ በልዩ መብራት ቆዳቸውን ያጠቁሩ ነበር። ሲወጡ በጫማቸው ሥርና በጸጉራቸው የናስ ብናኝ እንዳይቀር ይፈተሻሉ። ማጠቢያው የምድር ቤቱን ድምፅ ለመሸፈን ቀኑን ሙሉ መዞር ነበረበትና የሚታጠብ ልብስ ሲጠፋ ከውጭ ደንበኛ ያዙ፤ የእንግሊዝ ወታደሮች ዩኒፎርም ሳይቀር እዚያ ታጥቧል። እንግሊዞቹ ለቢራ ብቅ ማለት ሲያበዙ፣ ከመምጣታችሁ በፊት ብትነግሩን ቢራውን እናቀዘቅዝላችኋለን ተባሉ። ቀዝቃዛ ቢራ የማይወድ ማን አለ፤ ከዚያ ወዲያ በድንገት መምጣታቸው ቀረ። ለቀለህ የሚሆነው ናስ ሲገባ ደግሞ ለከንፈር ቀለም መያዣ ነው ተባለ፤ ለማስመሰልም የከንፈር ቀለሙ በስጦታ ለእንግሊዝ ባለሥልጣናት ተላከ። እዚያው ቂቡጽ ውስጥ እየኖሩ ምሥጢሩን የማያውቁ አባላት ነበሩ፤ አንገታቸውን እያሰገጉ ስለሚመለከቱ ምሥጢረኞቹ ቀጭኔዎች ብለው ሰየሟቸው።

እታች ያለው ሥራ ቅደም ተከተሉ ቀላል፣ ጥንቃቄው ግን ከባድ ነው። ናሱ እንደ ጽዋ ይወጣል፣ እየተሳበ ይረዝማል፣ በልኩ ይቆረጣል፣ ካፕሱሉ ይገባል፣ ባሩዱ ይመዘናል፣ አረሩ ይሰካል፣ በመጨረሻም የቀለሁ አፍ ይጠብባል። ቁርጠቱ ላይ የሾለከ ስሕተት መጨረሻው ላይ ይታያል፤ ባለ 9 ሚሊ ሜትሩ በአፉ የሚቆም እንደመሆኑ ያጠረውም የረዘመውም ቀለህ ልኩን ይስታል። በሪቮልቨር አገር ያደገ ሠራተኛ ልምዱን ይዞ ጠርዙን ቢቀለብስ የተመረተው ሁሉ ለስቴኑ የማይታመን ይሆን ነበር። በሥራው ሙቀት በቀን እስከ 40,000 ጥይት ወጥቷል፤ በጠቅላላው ከ2 ሚሊዮን በላይ። በሰኔ 29 ቀን 1946 እንግሊዞች በመላ አገሪቱ ቂቡጾችን ሲፈትሹ ያጉር ላይ ትልቅ የመሣሪያ ክምችት አገኙ፤ የረሆቮቱን ኮረብታ ግን አልደረሱበትም።

በ1948 እስራኤል ስትመሠረት መደበቅ አስፈላጊ አልሆነም፤ ማምረቻው ከምድር በላይ ወጣ። ወጣቶቹም በ1949 ወደ ተመኙት ባሕር ዳር ሄደው ማዓጋን ሚካኤልን መሠረቱ።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ በሌላ አቅጣጫ ቀጠለ። በ1955 የወጣው የ.44 ማግነም ምት ከባድ በመሆኑ ቅልበሳው ደካማ የሆነ ጥይት ወዲያው ራሱን ያጋልጣል። ቀጥሎም ሪቻርድ ሊ የተባለው የዊስኮንሲን ሰው ርካሽ የእጅ መሣሪያዎችን ይዞ መጣ፤ ፋብሪካው ያወጣው የማጥበቂያ ቀለበት ጥይቱን ከሞሉት በኋላ ዙሪያውን ዳግም ያስተካክላል። አንዳንዱ ያለ እሱ አልሠራም ይላል። ሌላው ደግሞ አረሩን ራሱን ጨምቆ ያሳንሳል ብሎ ያማዋል፣ በተለይ ለስላሳ እርሳስ ሲሆን። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ ከመጀመሪያው በትክክል የተሰካ አረር መጨረሻ ላይ መጨመቅ አያስፈልገውም።

ወደ ኢየሩሳሌም ስንመለስ፣ ቂርያት መናሔም በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ዳገት ላይ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለስደተኞች የተሠራ ሰፈር ነው። በ1984 በተጀመረው የሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991ም በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ባመጣው የሰሎሞን ዘመቻ የገቡ ቤተ እስራኤላውያን በርካቶቹ በጊዜ ሂደት እዚህ ሰፈሩ። ከጎንደር አካባቢ፣ ከወለቃና ከመሰል መንደሮች የመጡት አባቶች በባህላቸው ቀጥቃጭ ናቸው፤ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ጦር ሲሠሩ የኖሩ፣ በዚያ ሙያቸው ምክንያትም ቡዳ እየተባሉ የተገፉ። እሳትና ብረት ለሚያውቅ እጅ የቀለህ አፍ ምን ያህል ይጠብቅ የሚለው ጥያቄ እንግዳ ባልሆነ ነበር። ልጆቻቸው በእስራኤል ጦር ውስጥ ይህንኑ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ከፋብሪካ እንደወጣ ተቀብለው ይተኩሱታል። ኢትዮጵያም በ1980ዎቹ መጨረሻ በአምቦ አካባቢ የሆሚቾን የጥይት ፋብሪካ አቋቁማ የራሷን ቀለህ መሥራት ጀምራ ነበር።

ዛሬ ሕግ በሚፈቅድበት አገር ለሪቮልቨሩ በእጅ ለሚሞላ ሰው ይህ ሁሉ ታሪክ ያመጣው ፍርድ እንዲህ ነው። ቀለሁ ባለ ክፈፍ፣ ምቱም ከባድ ከሆነ ቅልበሳ፤ ግን አረሩ ላይ ጎድጓዳ ቀለበት ካለ ብቻ፣ ቀለሆቹም በአንድ ቁመት ከተቆረጡ ብቻ፣ ምክንያቱም የረዘመው ከመጠን በላይ፣ ያጠረው በጣም ጥቂት ይታጠፋል። አረሩ ቀለበት ከሌለው ወይም በስሱ መዳብ የተለበጠ ከሆነ ማጥበብ ይሻላል፤ ቅልበሳ ልባጡን ይቆርጠዋል። ቀለሁ ክፈፍ አልባ ከሆነ፣ በሪቮልቨርም ቢተኮስ፣ ማጥበብ ይመረጣል። አረር መሰካትና አፍ ማጥበቅ በሁለት የተለያየ እርምጃ ቢሠሩ ስሕተቱ ይቀንሳል። የላላ ግድግዳ የያዘውን አረር ግን የትኛውም ዓይነት አጠባበቅ አያድነውም፤ እንዲህ ያለው ቀለህ መጣል አለበት።

የአያሎን ምድር ቤት ከ1987 ጀምሮ ሙዚየም ነው። ከኢየሩሳሌም ረሆቮት ሩቅ አይደለም። የቂርያት መናሔም ወጣቶች ሆይ፣ አንድ ቀን አባቶቻችሁን ይዛችሁ ውረዱ፤ እዚያ ማሽኖቹ መካከል ቆመው ብረት እንዴት እንደሚገራ የሚያውቁትን እንዲነግሯችሁ ጠይቋቸው፣ የሚነግሯችሁንም ጻፉት።